ውኃው በ92 ሲፈላ

ደብረ ማርቆስ ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አልፋ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት ቀለል ይላል፤ ውኃውም 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። ከዚያ ወደ ስናን ወጥቶ፣ የጮቄን ተዳፋት ተያይዞ 3,000 ሜትር ላይ ካለ መንደር የጣደ ሰው 90 ላይ ያፈላዋል። ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ከድልድዩ ግርጌ ሦስት ጉልቻ ለጎለተ ደግሞ 96ን ሳያልፍ አይፈላለትም። የመማሪያ መጽሐፉ ለሁሉም 100 ይላል። አልዋሸም፤ የሚያወራው ስለ ባሕር ጠለል ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ግን ባሕር ጠለል ላይ የቆመ ትምህርት ቤት የለም።

እንግዲህ አንድ የኬሚስትሪ መምህር እናስብ። በብዙ ደጅ ጥናት የተገኘች አንዲት ቴርሞሜትር አለችው። ከሰል አያይዞ፣ ውኃ ጥዶ፣ ስድሳ ተማሪ አሰልፎ ሙቀቱን በየደቂቃው ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። 70፣ 80፣ 88፣ 92። ከዚያ ቆመ። ውኃው ይንፈቀፈቃል፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ከፊት የተቀመጠች ልጅ መጽሐፏን ገልጣ «ቲቸር፣ መቶ ነው የሚለው» ትላለች። መምህሩ ያን ጊዜ ሁለት መንገድ አለው። «ቴርሞሜትሯ ተበላሽታለች» ብሎ መጽሐፉን ማዳን አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ ኮሌጅ እያለ ለፈተና የሸመደደውን የግፊትና የመፍያ ነጥብ ዝምድና አሁን ከዓይኑ ፊት ከቆመው ውኃ ጋር ማገናኘት ነው። ይህ ሁለተኛው በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን አንድ ሰው ክፍል ውስጥ ብቻውን ቆሞ፣ መጽሐፉን ተጠራጥሮ፣ ራሱን አምኖ መናገር አለበት። «እናንተ ጋስ ስንት ላይ ፈላ?» ብሎ የሚጠይቀው ሌላ የኬሚስትሪ መምህር ቢኖር ነገሩ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። በገጠር ትምህርት ቤት ግን ብዙ ጊዜ ዲፓርትመንቱ ማለት እሱ ራሱ ነው። ስብሰባ ቢጠራ ሰብሳቢውም ተሰብሳቢውም አንድ ሰው ነው።

ስለ ትምህርትና ቴክኖሎጂ በተነሳ ቁጥር ወሬው ወደ ዕቃ ቆጠራ ያመራል፤ ስንት ኮምፒውተር ገባ፣ ስንት ታብሌት ተከፋፈለ፣ የትኛው ትምህርት ቤት ኔትወርክ ደረሰው። እኔ መሣሪያን የምመዝንበት ሚዛን ሌላ ነው፤ ያ መምህር ጥያቄውን ለሙያ ጓደኛው እንዲያደርስ ያስችለዋል ወይ?

በዚህ ሚዛን ትልቁን ሙከራችንን እንየው። በ1997 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው «ፕላዝማ» አሁን የሠላሳዎቹን ዕድሜ ላጋመሰው ትውልድ የጋራ ትዝታ ነው። ሂሳቡ፣ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው፣ ባዮሎጂው፣ እንግሊዝኛውና ሲቪክሱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ ከአዲስ አበባ በሳተላይት እየተላለፈ በየክፍሉ በተሰቀለው ስክሪን ይወርድ ነበር። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ከሆነ ሠላሳው ገደማ የስክሪኑ ነው። መምህሩ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፤ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል፤ መሐሉን ቆሞ ያያል። ስርጭቱ ቀጥታ ስለነበር ማቆም፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ ትምህርቱ ከደረሰበት ይቀጥላል፤ ያለፈው አልፏል። ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፤ ክፍሉ ጨረሰም አልጨረሰም መልሱን ይናገራል። ለዓመታት በአማርኛ ሲማር ለቆየ የገጠር ልጅ ያ የሚሮጥ እንግሊዝኛ ምን ያህል ጆሮ ላይ እንደሚያርፍ ለመገመት ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም።

ፕላዝማን መሳደብ ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ተሳድቦታል። ሚዛናዊ ለመሆን ግን ሕዋስ ሲከፈል፣ ኬሚካል ከኬሚካል ጋር ሲዋሐድ በተንቀሳቃሽ ምስል ያየ ተማሪ ያን ጊዜ ነው ያየው፤ ላቦራቶሪ ብሎ የሚጠራው ክፍል ወንበር ማከማቻ በሆነበት ትምህርት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ከሁሉ የሚያስገርመኝ ሌላ ነው። በዚያ ዘመን በመቶዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች መምህራን በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ገጽ ላይ ነበሩ። ሞጣ ያለው የፊዚክስ መምህር ቢቸና ካለው ባልደረባው ጋር ያንኑ ምዕራፍ፣ ያንኑ ደቂቃ ላይ ያያል። ሆኖም ሁለቱ አንዲት ቃል አይለዋወጡም። «ዛሬ የቀረበው ለተማሪዎቼ አልገባቸውም፣ ላንተስ?» የሚልበት ቀዳዳ አልተበጀም ነበር። ሳተላይት ድረስ ወጥቶ የተመለሰ ምልክት ከሞጣ ቢቸና መሻገር አቃተው።

ቀዳዳው በኋላ በሌላ በኩል ተከፈተ፤ ማንም በዕቅድ ሳያስገባው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ቴሌግራም የመምህራን መገናኛ ሆነ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ ደግሞ የመጻሕፍቱ ኅትመት ስለዘገየ ፒዲኤፉ በስልክ ዞረ፤ አንዳንዱ መምህር አዲሱን መጽሐፍ መጀመሪያ ያየው በመዳፉ ስፋት ልክ ነው። ዛሬ የመምህራን ግሩፕ የሌለበት ወረዳ ማግኘት ያስቸግራል። የደብረ ኤልያሱም፣ የመርጡለ ማርያሙም፣ የሉማሜውም መምህር አንድ ቦታ ተሰብስበዋል። ስክሪኑ ያልሰጠውን ስልኩ ሰጠ፤ እዚህ ማንም ይናገራል፣ ማንም ይሰማል።

ታዲያ ምን ይባላል? ግሩፖቹን ከፍቶ ወደ ላይ የሳበ ሰው የሚያገኘውን ያውቀዋል። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የወረደ ሰርኩላር። የዓመት ዕቅድ፣ ወርክሺት፣ የሌላ ክልል የሞዴል ፈተና። የዝውውር ማስታወቂያ። የደመወዝ ወሬ። በበዓል ሰሞን አበባና ሻማ ያለበት የመልካም ምኞት ካርድ። አንዳንዱ የትምህርት ዕቅድ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ስም እንኳ ሳይፋቅለት ከግሩፕ ግሩፕ ይዞራል፤ ባለቤቱ በውል አይታወቅም፤ ተቀባዩ ቀን ብቻ ለውጦ ያስፈርመዋል። ከዚህ ሁሉ መሐል «ይህን ርዕስ እንዴት ነው የምታስተምሩት? እኔ ሞክሬ አልሆነልኝም» የሚል መልእክት በስንት ጊዜ አንዴ ብቅ ይላል።

ለምን? መምህራን ስለሰነፉ ነው የሚል መልስ አለ፤ አልቀበለውም። ግሩፑ ውስጥ ርዕሰ መምህሩ አለ፤ ሱፐርቫይዘሩ አለ፤ የወረዳው ባለሙያ አለ። የሥራ አፈጻጸም ነጥብ የሚሞላው ሰው ባለበት ጉባኤ «ይህ አልገባኝም» ማለት በራስ ላይ መመስከር ይሆናል። ከዚያም በላይ እኛ ዘንድ መምህር ማለት የሚያውቅ ሰው ነው፤ ጥያቄ የተማሪ ድርሻ ነው። ስለዚህ ቴክኖሎጂው አፉን ከፈተለት እንጂ የመጠየቅን ልማድ ሊሰጠው አልቻለም። ልማድ በኬብል አይመጣም።

ይህ ልማድ ግን ለጎጃም እንግዳ ነው ወይ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም ይህ አገር የመምህራን ትስስርን ያለ አንዳች ሽቦ ለዘመናት ይዞ የኖረ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፤ የቅኔ ቤቶቹ አንዱ ከሌላው የቀናት የእግር መንገድ ይራራቃሉ። ያገናኛቸው የነበረው ተማሪው ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ከየኔታ ወደ የኔታ ሲዞር የአንዱን ጉባኤ ሙያ ለሌላው ያደርሳል። በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ እንዶዳም የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ደብረ ኤልያስንም፣ ደብረ ወርቅንም፣ ዲማንም የረገጡት በዚሁ ልማድ ነው። በአንድ ክብረ በዓል ላይ አንድ ሊቅ የተቀኘውን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቶ ቃል ሳያስቀር የሚይዝ ነጣቂ ነበር፤ ያ ቅኔ በሳምንቱ ሌላ ደብር ላይ እየተፈታ፣ እየተመሰገነ ወይም እየተነቀፈ ይገኛል። መምህሩ ደግሞ ቅኔ አስመስክሮ ወንበር ተክሎ ከቆየ በኋላ እንኳ ሌላ ሊቅ ዘንድ ሄዶ እንደ ተማሪ ቢቀመጥ ሙያ ማስፋት ይባልለታል፤ ማንም አይስቅበትም።

ከዚህ ሁሉ ለዛሬው መምህር ይበልጥ ይጠቅመዋል የምለው አንድ ደንብ አለ። ቅኔ ቤት ውስጥ ያደረ አይቀርብም። ማታ መምህሩ ቅኔ ይቆጥራል፤ ተማሪው ያንን አዳምጦ፣ መንገዱን ይዞ፣ በነጋታው ጫካ ለጫካ ወይም ወንዝ ዳር ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ይዘርፋል፤ ከዚያ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፤ ይታረምለታል። የነጠቀውን የሌላ ሰው ቅኔ አምጥቶ «የኔ ነው» ያለ ጉድ ይሆናል። ማለትም ዕውቀቱ በሰፊው ይዘዋወራል፤ ነገር ግን ማንም የደረሰውን እንዳለ የራሱ አድርጎ አያቀርብም፤ ከደረሰው ተነስቶ በዚያ ቀን፣ በዚያ ቦታ የሚሆን አዲስ ነገር ማበጀት ግዴታው ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ይህን ደንብ ግን ጀማሪው ከእሷ ጀምሮ ይማረዋል።

ቅኔ ቤቱን ገነት አድርጌ ለመሳል አልፈልግም። ረሃቡ፣ ግርፊያው፣ የሚዘገንነው የውሻ ንክሻ የተማረው ይናገረው። ሴት ልጅ ደጁን እምብዛም አልረገጠችም፤ ዓይነ ስውሯ የጎጃም የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ እስከ ዛሬ በአድናቆት ስማቸው የሚነሳው ብርቅ ስለነበሩም ጭምር ነው። ትዝ ያሰኘኝ የሥርዓቱ አንድ ጎን ነው፤ መምህር ከመምህር የሚማርበት፣ የተማረውንም እንደገና ሠርቶ የሚያቀርብበት።

ይህን ደንብ ወደ ቴሌግራሙ እንውሰደው። አንድ የስናን የባዮሎጂ መምህር ስለ ኦስሞሲስ ሊያስተምር ነው እንበል። መጽሐፉ የሚጠይቀው የብርጭቆ ዕቃ የለውም፤ ድንች ግን እንደ ልብ ነው። ድንቹን ቆርጦ መሐሉን ይቦረቡረዋል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ጨው ይነሰንሳል፤ ሰሐን ውኃ ላይ ያስቀምጠዋል። ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ጨው የነበረበት ጉድጓድ ውኃ ያቁራል። በስልኩ ቀርጾ ግሩፑ ላይ ይጭነዋል። ይህን የተቀበለው የቆላ መምህር ቪዲዮውን ለተማሪዎቹ አሳይቶ ቢያልፍ ፕላዝማን በትንሽ ስክሪን ደገመው ማለት ነው። ድንች ባይኖረው በጥሬ ፓፓያ ሞክሮ የራሱን ውጤት ቢመልስ፣ «የኛ ከናንተ ቀደመ፣ ወይም ዘገየ፣ ለምን ይመስላችኋል?» ቢል ግን አንድ ቪዲዮ ሁለት ክፍል አስተማረ፤ የመጀመሪያውንም መምህር ሳይቀር።

የቴርሞሜትሯም ነገር እንዲሁ ነው። ሦስት ትምህርት ቤቶች፣ አንዱ ከጮቄ ወገብ፣ አንዱ ደብረ ማርቆስ፣ አንዱ ከዓባይ ሸለቆ፣ በአንድ ቀን ረፋዱ ላይ ውኃ ቢጥዱና ቁጥሩን ቢላላኩ በእያንዳንዱ ክፍል ሰሌዳ ላይ ሦስት መስመር ያለው ሠንጠረዥ ይሠራል። 90፣ 92፣ 96። ከዚያ በኋላ መምህሩ «ቴርሞሜትሯ ተበላሽታለች» ማለት አይችልም፤ ሦስቱም በአንድ ቀን፣ ለዚያውም በሥርዓት ተደርድረው አይበላሹም። ተማሪው ተራራው ከፍ ሲል ቁጥሩ ዝቅ ማለቱን ራሱ ያየዋል። ከደጋ የመጣች ልጅ የእናቷ ባቄላ ንፍሮ ለምን እንደሚያስመሽ፣ ቆላ ያሉት አክስቷ ዘንድ ለምን ቶሎ እንደሚበስል እጇን አውጥታ ትናገራለች። መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር ነው፤ ከመጽሐፉ የተሻለ ኬሚስትሪም ነው። ለዚህ ሁሉ የተፈለገው መሣሪያ ደግሞ አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት ብቻ ነው፤ ዳታ እንኳ አይጠይቅም።

ዳታ ካልኩ ዘንድ የሆነውን አልዘልም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በአማራ ክልል በአብዛኛው ቦታ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በክልሉ በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መምህራን ተሰደዱ፤ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ። ትምህርት ቤቱ ራሱ ለተዘጋበት ሰፈር ስለ መፍያ ነጥብ ማውራት የቅንጦት ወሬ ሊመስል ይችላል፤ ቅሬታውን እቀበላለሁ። ሆኖም ኔትወርኩ የጠፋ ጊዜ ፒዲኤፉ በፍላሽና በሜሞሪ ካርድ፣ ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር መተግበሪያ መሻገሩን ቀጥሏል። ከተማ ደርሶ የተመለሰ መምህር በኪሱ የያዘው ፍላሽ ለሌላው ሲሳይ ነበር። መስመር ሲዘጋ መልእክቱ እንደገና በሰው እግር ሄደ፤ አኩፋዳው ብቻ አነሰ።

ስለዚህ ቀሪው ጉዳይ የመሣሪያ አይመስለኝም፤ መምህራን የሚገናኙበት ሥርዓት ነው። እሱም በወረቀት ላይ አለ። ትምህርት ቤቶቻችን በጉድኝት ማዕከል ተደራጅተዋል፤ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ማድረግ ይጠበቅበታል። ሐሳቡ መልካም ነው። አፈጻጸሙን የሚያውቅ ግን ፖርትፎሊዮ የሚባለው ፎልደር እንዴት እንደሚሞላ ያውቃል፤ ሱፐርቫይዘሩ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ሰነዱ ይሟላል፤ ክፍል ውስጥ የሚለወጥ ነገር የለም።

ጃፓኖች ከመቶ ዓመት በላይ የያዙት ልማድ አላቸው፤ ጁግዮ ኬንኪዩ ይሉታል። ጥቂት መምህራን ተሰብስበው አንዲት ክፍለ ጊዜ ብቻ ያዘጋጃሉ። አንዱ ያስተምራታል፤ ሌሎቹ ከኋላ ተቀምጠው ተማሪዎቹን ያያሉ፤ የትኛው ልጅ የት ላይ ግንባሩን እንደቋጠረ፣ የቱ ጥያቄ ክፍሉን እንዳነቃው ይጽፋሉ። በኋላ የሚነቀፈውም የሚታረመውም ትምህርቱ ነው፤ መምህሩን ማንም በነጥብ አይመዝነውም። ዓባይ ላይ ያለውን አዲሱን የኅዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. በጃፓን መንግሥት እርዳታ ሠርተናል፤ ጎጃምን ከሸዋ የሚያሻግር ግሩም ሥራ ነው። ይህን ልማድ ብንጠይቃቸው ደግሞ ሲሚንቶም ብረትም አይፈልግም ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላ እንግዳ መጥቷል። ወጣቱ መምህር ማታ ስልኩን ከፍቶ ቻትጂፒቲን «ውኃ ለምን በ92 ፈላ?» ቢለው ወዲያው ያስረዳዋል። አይስቅበትም፤ ለሱፐርቫይዘር አይነግርበትም። ከእፍረት ነፃ የሆነ ጠያቂነት ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ ገባ፤ ይህን ዋጋ አላሳንሰውም። ያሳሰበኝ መልሱ እዚያው ስልክ ውስጥ መቅረቱ ነው። ነገ ጎረቤት ወረዳ ያለው ባልደረባው ያንኑ ውኃ ጥዶ፣ ያንኑ 92 አይቶ፣ ያንኑ ጥያቄ ብቻውን ይጠይቃል። መቶ መምህራን መቶ ጊዜ በየግላቸው ይማራሉ፤ እርስ በርስ ግን አይተዋወቁም። የዓባይን ሸለቆ 96 ለክቶ የሚልክ ደግሞ እዚያ የሚያስተምር ሰው እንጂ ማሽኑ አይደለም።

ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ነገር መለመን ቢፈቀድልኝ ሁለት ግሩፕ ይኑር እላለሁ። በአንደኛው አለቆች ሁሉ ይግቡ፤ ሰርኩላሩም፣ የስብሰባ ጥሪውም፣ የበዓሉ ሻማም እዚያ ይምጣ። ሁለተኛው የአንድ ትምህርት ዓይነት መምህራን ብቻ ያሉበት ይሁን፤ ነጥብ የሚሞላ ሰው አይግባበት፤ በሳምንት አንድ ጥያቄ ይነሳበት፤ መልስ የሚሰጥ ሰው በራሱ ክፍል ሞክሮ ያየውን ይዞ ይምጣ። ለጥያቄው የዋለው ጊዜ ከ60 ሰዓቱ ይቆጠርለት። የስልክ ካርዱን ደግሞ መምህሩ ከደመወዙ ቆርጦ መሙላት የለበትም። አንድ የፕላዝማ ስክሪን የተገዛበት ገንዘብ ለስንት መምህር፣ ለስንት ዓመት ካርድ እንደሚሆን የሂሳብ መምህራኑ በመጀመሪያው ሳምንት ጥያቄ ቢያሰሉት አይከፋም።